የላሊሴ ምስጋና

ላሊሴ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ፍርድ ቤቱ ቀለቧ እንዲቋረጥ ወሰነ። አባቷ ደቻሳ ሰበታ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እናቷ ማሪቱ ሱሉልታ ልብስ ትሰፋለች። ከተፋቱ ጀምሮ ቀለቡ ከደሞዙ እየተቆረጠ በማሪቱ ሒሳብ ይገባ ነበር። ልጁን ሊያይ የሚሄደው ግን ለዓመት በዓል ነው፣ ያውም ሲመቸው።

ሙሉ ደሞዙ የደረሰው ቀን ባልደረቦቹ አልለቀቁትም። "ነፃ ወጥተህ ዝም? ጋብዘን እንጂ!" አሉት። እሱም ደስ ብሎት ስለነበር አላንገራገረም። ከፋብሪካው ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ቤት ገብተው ጥብስ አዘዙ።

ጨዋታው ደርቶ ሳለ ላሊሴ በሩ ላይ ብቅ አለች። ያለበትን የነገራት የፋብሪካው ጥበቃ ነበር። ደቻሳ ደንግጦ ብድግ ሲል፣ ማን መሆኗን የማያውቀው ባልደረባው ጉታ ቀደመው።

"አካም ጂርታ ልጄ? ነይ ብዪ!" ብሎ ወንበር ሳበላት።

"የምን ግብዣ ነው?" አለች ፈገግ ብላ።

"ይሄ ሰውዬ ተገላግሎ ነዋ! ፍርድ ቤት አስገድዶ ደሞዙን ሲያስቆርጠው ኖሮ፣ ይኸው ልጅቷ አደገችለት!"

ሁሉም ሳቁ። ላሊሴ አባቷን አየችው።

"ፍርድ ቤት ነው እንዴ ያስገደደህ?"

ሊዋሽ አሰበ፤ ምላሱ እምቢ አለው። "አዎ" አለ።

"እማዬ እኮ አንተ እንደምትልክልኝ ነው የነገረችኝ። ዛሬም 'አንድ ወር ሳያጓድል ነው ያሳደገሽ፣ ሄደሽ አመስግኚው' ብላኝ ነው የመጣሁት።"

ጉታ ማን መሆኗ ሲገባው የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። ላሊሴ "ደህና ዋሉ" ብላ ወጣች። ደቻሳ እስከ ታክሲ ተራው ከኋላ ከኋላዋ ሄደ፤ ስሟን ለመጥራት ግን አፈረ። ሚኒባሱ ይዟት ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። ወደ ሥጋ ቤቱም አልተመለሰ፤ ሒሳቡን ጉታ ከፈለ።

እሁድ ሱሉልታ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ማሪቱ ናት።

"ለምን ዋሸሻት?" አላት።

"ላንተ ብዬ መሰለህ? አባቴ አይወደኝም እያለች እንዳታድግ ብዬ ነው።"

ማሪቱ ልጇን ብትጠራትም ላሊሴ ከጓዳ ሆና "ዛሬ ላየው አልፈልግም" አለች። ሰማት። ሄደ። በሚቀጥለው እሁድ ተመልሶ መጣ፤ በሌላውም እሁድ እንዲሁ። አንዳንዴ ማሪቱ ውሃ ትሰጠዋለች፤ አንዳንዴ ሥራዋን ትሠራለች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ላሊሴ ራሷ ወጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ እሁድ ሲያጠናው የከረመው ይቅርታ ከአፉ ጠፋ። አንገቱን ደፋ።

"ቀና በል እንጂ፣ አባዬ" አለችው።

ቀና ማለት አቃተው።