ያልተፈታው ቡሎን

አያ ዋኘው የቁልፉን አፍ በመጀመሪያው ቡሎን ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ትቶት አማተበ። ሥራ ሲጀምር ልማዱ ነው።

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ከጭነት መኪናው ሆድ ወርዶ በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ ተጋድሟል። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ሳፋው ውስጥ ጠቁሮ፣ ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል።

«ቆይ፣ አያ ዋኘው» አለች ዓይናዲስ።

አባቷ አወቀ ከተቀመጠበት ጀሪካን ላይ ቀና አለ። «ምነው? ደግሞ ምን ልትይ ነው?»

ከጎንደር ወደ አዘዞ መውረጃው ላይ ያለው ይህ ጋራዥ ለአወቀ ሁለተኛ ቤቱ ነው። መንዳት ያስተማረው ዋኘው ነው። ኋላም የዋኘውን ልጅ ክርስትና አንስቶለት አበልጅ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት የነዳው መኪና ሁሉ በዚህ ሰው እጅ አልፏል። አበልጅ እያለ መኪናን ለሌላ ሰው መስጠት፣ የተዘረጋ ገበታ ረግጦ እንደመውጣት ነው።

ይህ ካምቢዮ ግን አውቶማቲክ ነው። የመረጠችውም እሷ ናት። የአባቷ ግራ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው፣ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች በዓመቱ፣ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና አፈላልጋ አስገዛችው። ባለፈው ሳምንት ከዛሪማ ሲመለስ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልንቀሳቀስ አለ። ሲወጣ መሆኑ በጀው። ሲሚንቶ ጭኖ ሲወርድ ማርሹ ካልያዘለት ፍሬን ብቻውን አያቆመውም። ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

ጠዋት ለአባቷ ሳትነግር ማራኪ ሰፈር ሄዳ አንዱዓለም የሚባል መካኒክ አነጋግራ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ፣ ፈገግታ የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ሌላ ሰው የፈታውን አልነካም» አላት። «ከመኪናው ቢወርድ ግድ የለም፤ ከራሱ ግን አንድ ቡሎን እንኳ ተፈትቶ ከሆነ አታምጪው።» ቀጥሎ ጠየቃት። «አባትሽ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ያደርጋል?»

የድሮ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ያደርጉና መኪናውን በገዛ ክብደቱ ይለቁታል።

«በአውቶማቲክ እንዲህ ከተደረገ ዘይቱ ውስጡን አያርሰውም፤ ደርቆ ይቃጠላል» አለ አንዱዓለም። «እኔ ብሠራውም መልሶ ያው ነው። ሁለተኛ እንደማያደርገው ከማለልኝ እሠራለሁ። ካልማለ ይቅርብኝ።»

ቸኩላ ነበር። «አያደርግም» አለችው።

አታውቅም ነበር። ሊማሊሞን ከአባቷ ጋር የወረደችው አንዴ፣ በልጅነቷ ነው። የምታስታውሰው የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ነፋስ ብቻ የተሰማበትን ጊዜ ነው። ያኔ ደስ ብሏት ነበር።

«አያ ዋኘው» አለች አሁን፣ «እንዲህ ያለ ካምቢዮ ከፍተው ያውቃሉ?»

«ዓይናዲስ!» አለ አባቷ። «አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ እንጂ!»

«ተዋት» አለ ዋኘው። «ዩኒቨርሲቲው ሲፈትናት ኖሮ፣ አሁን የመፈተን ተራው ደርሷት ነው።» ወደ እሷ ዞረ። «አንድ ከፍቻለሁ።»

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«እስከ የት?»

ሽማግሌው የቁልፉን እጀታ ትክ ብሎ አየ። «እስከ ደባርቅ።»

ደባርቅ ሊማሊሞ ሳይደረስ ናት።

«እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ አወቀ። «ፍታው፣ ዋኘው።»

ዋኘው ክንዱን ጫን አደረገ። ብረቱ ሲጢጥ አለ። ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዘይቱ እስከ እጅጌዋ ደረሰ። ሽማግሌው አልታገላትም፤ አልለቀቀላትምም።

«አባባ፣ ሊማሊሞን ስትወርድ ፎሌ ታደርጋለህ?»

ጭኑ ላይ ያረፈው የአወቀ ቀኝ እጅ፣ የማርሽ ዘንግ የጨበጠ ይመስል፣ ወደ ፊት ትንሽ ገፋ አለ። እሱ ራሱ ልብ አላለውም። ሁለቱ አዩት።

«ከሁለተኛው ጠምዛዛ ጀምሮ ነው የሚለቃት» አለ ዋኘው ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለዚያን ጊዜዋ ማኪና ሸጋ ዘዴ ነበር።»

«አንተስ እንደዚያው አይደል የምትነዳው?» አለ አወቀ።

«እኔማ መንዳት ትቻለሁ።»

ዋኘው ቁልፉን ከቡሎኑ ላይ አነሳ፤ እሷም እጇን ለቀቀች። ቡሎኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አልተነቃነቀም። በጨርቅ ወለወለው፤ ከጠራ በኋላም መወልወሉን አላቆመም። ተቀይሞ እንደሆነ ወይም ቀሎት እንደሆነ ዓይናዲስ መለየት አልቻለችም። ለመለየትም አልቆየችም። ስልኳን አወጣች።

«ተፈታ እንዴ?» አለ አንዱዓለም፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ወደ ዋኘው ተመለከተች። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አልተፈታም» አለች። «ጠዋት ስለ ፎሌው ያልኩህ ግን ሳላውቅ ነው። እሱ ራሱ ይንገርህ።»

ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ካምቢዮው ላይ፣ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል አስቀመጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባት» አለ ስልኩ። «ይምሉልኛል?»

አወቀ ግራ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። በትንሽ በትልቁ የሚምል ሰው አልነበረም። ከማለ ግን ይሞታል እንጂ መሐላውን አያፈርስም፤ ዓይናዲስም ዋኘውም ይህን ያውቃሉ። ወደ አበልጁ ተመለከተ። ዋኘው ዓይኑን ከቡሎኑ ላይ አላነሳም።

ከውጪ፣ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ ጭነት መኪና ከጎንደር ወደ አዘዞ እየወረደ ነበር። ጋራዡ በር አጠገብ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ። የጎማው ፉጨትና ነፋሱ ብቻ ተሰማ። ሦስቱም አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ሃሎ?» አለ ስልኩ።

አወቀ ፉጨቱ ታች መታጠፊያው ጋ ደርሶ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ በእጁ ጀሪካኑን ተደግፎ ተነሳ፤ ወደ ስልኩም ጎንበስ ብሎ፣ «እስከ ዛሬ አደርግ ነበር፤ ሁለተኛ አላደርግም፣ እምላለሁ» አለ።