አስቻለው በልጆች ችሎት ፊት

አስቻለው እንደሚለው ከሆነ ጠብ ፈልጎ አይደለም የሄደው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ከቤቱ ከሞንትቤሎ ልጁ አማርኛ እስከምትማርበት ኦሮራ ድረስ መሪውን ጨብጦ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ መምህርት ሰርካለምን የሚላትን እያጠና። ልጁ ፀዲ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ከረቡዕ ጀምሮ ተኳርፈዋል።

ነገሩ የመጣው በልደት ነው። ኤቢ የፀዲ የልብ ጓደኛ ናት፤ አጥር ለአጥር ሆነው አብረው አድገው ባለፈው በጋ ነው የኤቢ ቤተሰብ ራቅ ብሎ ቶርንተን ቤት ገዝቶ የሄደው። አሁን አስራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ስለሆነ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ጓደኞቿ እሷ ዘንድ እንዲያድሩ ጠራች። "የሰው ቤት አይታደርም" አለ አስቻለው። "ምክንያቱ ምንድነው?" አለች ፀዲ። "ስላልኩ ነዋ!" ይኼኔ ልጅት እጇን አጣጥፋ፣ "እሱ ሪዝን አይደለም አባዬ፤ ቲቸር ሰርካለም 'ስላልኩ' ምክንያት አይሆንም ብላናለች" አትለው መሰላችሁ! ኧረ ጉድ! አስቻለው በአባቱ ፊት ቀና ብሎ ውሃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም።

ሰርካለም በአዘቦት ቀን በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እነ አስቻለው በሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ልጆቹን አማርኛ ታስተምራለች። ወላጁን ሁሉ ያነጋገረው ከፊደሉ በኋላ ያመጣችው ጨዋታ ነው፤ የጥንቱ የችሎት ሙግት፣ በልሃ ልበልሃ። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ አንዱ ዳኛ ይሆናል። አንዲት ሕግ ግን ከራሷ ጨምራበታለች። ማንም ለባላጋራው መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ራሱ መናገር አለበት፤ ያውም ከባለቤቱ አሳምሮ። ባለቤቱ "ቃሌ ነው" ካላለ መልስ ብሎ ነገር የለም።

አስቻለው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ "እኛ እኮ የላክናቸው ሀ ሁ እንዲማሩ ነው! እቤት መጥተው እንዲሟገቱን ነው እንዴ?" አለ።

"እንኳን መጡ ጋሽ አስቻለው" አለች ሰርካለም፣ ምንም ሳይመስላት። "ክሱን ለእኔ ከሚነግሩኝ ለችሎቱ ቢያቀርቡትስ?"

ችሎት የተባለው የሚታጠፍ ወንበር ላይ የተኮለኮለ የልጅ መንጋ ነው። የዕለቱ ዳኛ እምነት የምትባል፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የሚንሸራተትባት የአስር ዓመት ልጅ ናት፤ ነጠላ አጣፍታ በጣም ኮስተር ብላለች። አስቻለው ሳቁ መጣ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አለ በሆዱ፤ ቶሎ ረትቻቸው ልሂድ። አገር ቤት ሽማግሌዎች ሲሟገቱ አይቷልና ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆመ።

"ተጠየቂ!" አለ።

"እጠየቃለሁ" አለች ፀዲ ተነስታ።

"ልጅ በወላጇ ቤት ነው የምታድረው። የሰው ቤት አይታደርም። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።"

ፀዲ ወለል ወለሉን እያየች ትንሽ አሰበች።

"አባቴ የሚለው እንዲህ ነው" አለች። "ቶርንተን ሩቅ ነው። ማታ አስሜ ቢነሳብኝ እሱ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሰውን ሻትል እየነዳ ስለሆነ ስልክ ላያነሳ ይችላል። ትንሽ ሆኜ ኢመርጀንሲ የወሰደኝ ቀን ደንግጦ እንግሊዝኛው ስለጠፋበት፣ የሚያመኝን ለነርሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ መኪና ውስጥ እንዳለቀሰ እማዬ ነግራኛለች። ስለዚህ እኔ ሌላ ቤት ካደርኩ አይተኛም። ኮንትሮል ሊያደርገኝ ፈልጎ አይደለም፤ ስለሚወደኝ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "ቃልህ ነው አባዬ?"

ዳኛዋ ለማን እንደምትፈርድ ከፊቷ ያስታውቃል። ልጆቹም አስቻለውን የሚያዩት እንደ ምስኪን ነው። አንድ ቃል ብቻ ቀረችው፤ "ቃሌ ነው" ቢል አሸንፎ፣ ልጁን ይዞ ይወጣል።

ግን ውሸት ነው። ሆስፒታሉም፣ እንባውም ሆኗል፤ ረቡዕ ዕለት ግን አስም የሚባል ነገር በሐሳቡ ውል አላለም። ጎረቤት ሳሉ ፀዲን ስንት ጊዜ ከልጇ ጋር ያዋለቻት የኤቢ እናት አበዛሽ አይደለችም እንዴ? የልጅቷን መድኃኒት አሰጣጥ እሷ ከሱ ይበልጥ ታውቃለች። ልጁ ከሱ የተሻለ አባት ሠርታ "አንተ ነህ" ብላ ሰጠችው። አስቻለው አፈረ። እንዲህ አፍሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"ቃሌ አይደለም" አለ።

"ዌይት፣ ዋት?" አለች ዳኛዋ።

"በአማርኛ!" ብለው ጮኹባት ልጆቹ።

"ቃሌ አይደለም። እነ ኤቢ... ጴንጤዎች ናቸው። ቅዳሜ ካደርሽ እሑድ ጠዋት ወደነሱ ቸርች ይዘውሽ ይሄዳሉ። እሱም ቢሆን ዋናው አይደለም። አንቺ ትጠይቂኛለሽ። ለምን እንጾማለን፣ ቅዳሴው ለምን በግዕዝ ሆነ ትይኛለሽ። እኔ 'እንዲያ ነው' እልሻለሁ፤ ሌላ አላውቅማ! አበዛሽ ደግሞ ለጠየቋት ሁሉ መጽሐፍ ገልጣ መልስ የምትሰጥ ሴት ናት። እዚያ መልስ ካገኘሽ ምን ልትሠሪ ወደኔ ትመለሻለሽ? የፈራሁት ይኼን ነው። በቃ፣ ወጣልኝ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ፀዲ ግን ሕጉን አልዘነጋችም። "አባቴ የሚለው" አለች ቀስ ብላ፣ "መልስ ስለሌለኝ፣ መልስ ያለው ሰው ልጄን ይወስድብኛል ነው።"

"ቃሌ ነው።"

"እኔ ደግሞ የምለው፣ 'አላውቅም' ማለት ትችል ነበር እኮ! 'አላውቅም' ብትለኝ አብረን እንፈልግ ነበር። 'እንዲያ ነው' ስትለኝ ግን ሂጂልኝ ያልከኝ ነው የሚመስለኝ።"

አሁን ተራው የአስቻለው ነው። ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ አቋረጠ። "ልጄ የምትለው... ልትጠጋኝ ስትመጣ ነው ያባረርኳት።" ፀዲ "ቃሌ ነው" ለማለት ሞክራ ስላቃታት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አስቻለውም የሻትሉን ጃኬት እጅጌ ለዓይኑ መጥረጊያ አደረገው፤ ሰው ምን ይለኛል ማለቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ።

ዳኛዋ ፍርድ ለመስጠት ነጠላዋን ስታስተካክል ፀዲ "ቆይ፣ ቆይ!" አለች። "የፈራኸው እሑድ ጠዋትን ከሆነ እኮ ቀላል ነው! አርብ ልደር፤ ቅዳሜ ልደቱን አክብሬ ማታ ትወስደኛለህ። ችግሩ ቶርንተን ሩቅ መሆኑ ቢሆን ኖሮ ምንም ማድረግ አንችልም ነበር፤ ቶርንተንን አናንቀሳቅሰው!"

አስቻለው እውነተኛውን ምክንያት ባይናገር ኖሮ ይህች ቀዳዳ እንደማትገኝ ያን ጊዜ ገባው። ቢሆንም ልማድ አይለቅምና፣ "አርብ ጾም ነው" የሚለው ቃል አመለጠው።

"ፒዛዬን ያለ ቺዝ ያደርጉልኛል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰርካለም ፀዲ ለአንድ ቅዳሜ ከትምህርቱ እንድትቀር ፈቃድ ሰጠች። እምነትም ጉዳዩ በስምምነት አልቋል ብላ ወሰነች፤ መፍረድ አምሯት ስለነበር ግን ቅር ብሏታል።

አስቻለው መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ አበዛሽ ጋ ደወለ። ፀዲ አጠገቡ ናት።

"ደስ ይለናል ጋሼ! ግን ለምን አርብ ሆነ?" አለች አበዛሽ።

ሌላ ቀን ቢሆን "ሥራ ስላለብኝ ነው" ብሎ ይገላገል ነበር። አሁን ግን እየተንተባተበም ቢሆን ሁሉንም ነገራት። የስንት ዓመት ጉርብትና በአንድ ስልክ አፈረስኩት ብሎ ደነገጠ።

"ጋሽ አስቻለው" አለች በመጨረሻ። "ባለፈው ፋሲካ ኤቢን እኛ ዘንድ ትደር ስትሉኝ 'ጉንፋን ይዟታል' ያልኩዎት ትዝ ይልዎታል?"

"አዎ፣ ማር በሎሚ ስጫት ያልኩሽ ጊዜ?"

"ጉንፋን አልያዛትም ነበር።"

አስቻለው መኪናውን ተደግፎ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ፤ አበዛሽም ስልኩ ውስጥ ትስቃለች። "በይ አንድ ቅዳሜ ላኪያት ታዲያ!" አላት። "እሑድ ጠዋት ግን ማልደሽ ድረሺባት፤ አለዚያ ቅዳሴ ይዣት ነው የምሄደው።"

"ያን ሁሉ ሰዓት መቆም ከቻለችልዎት ይውሰዷት ጋሼ" አለች አበዛሽ። "እኔ ራሴ መጥቼ ስትቆም አያታለሁ።"