የሰባተኛው እትም ቁልፍ

ባለቤቴ ሻንጣዎቹን መኪናው ላይ ሲጭን እኔ ገና ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው። መጋረጃው ወርዷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ አልጋው ተፈትቶ ሄዷል፤ የቀረነው የኔ ጠረጴዛ፣ የኔ ኮምፒውተርና እኔ ነን። ባለቤቴ ቀያሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ከተማ ስላዛወረው ከሰዓት ልንነሳ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጃችን፣ አንድ ቦታ መቆም ስለማትችል ፌንጣ የምንላት፣ በባዶው ሳሎን ትዘላለች።

«ተሠራ?» አለኝ ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

«ሊያልቅ ነው።»

«ይሄን ‹ሊያልቅ ነው› የሚባል ነገርሽንማ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝም። ተናድጃለሁ። በሱ አይደለም፣ በሥራው ነው። ሥራ ካላችሁት! ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው፣ የዕረፍት ቀን የለው። ኮምፓይለር ነው፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ። የኛ ቋንቋ ደግሞ ፋንክሽናል ከሚባሉት ወገን ነው፤ አንዴ ሁለት ነው ያላችሁት ነገር ዕድሜ ልኩን ሁለት ነው፣ መሀል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ሦስት አይሆንባችሁም። ይህን ሳስረዳው ባለቤቴ «እንዳንቺ ግትር ነዋ» ብሎኝ አርፏል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም በነፃ ይወስዳል፣ ማንም ያሻሽላል፤ ወሬው እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን ሁሉም እንደ እንግዳ በልቶ ይሄዳል፣ ሳህን አጣቢዋ እኔ ነኝ።

አንዱ «አዲሱ እትም መቼ ነው?» ይላል። ሌላው «አሮጌውን አበላሻችሁብኝ» ይላል። አንዷ ደግሞ ልጄን ኩፍኝ ይዟት ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ «ለምን አይመልሱልኝም? ትንሽ አክብሮት ቢኖርዎት ምናለ» ብላ ጻፈችልኝ። እዚያው ወረፋው ላይ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላት! ባለቤቴ ያን ቀን አይረሳውም። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከሁሉም የባሰው ቁልፉ ነው። እያንዳንዱ እትም ሲወጣ ሐሰተኛ አለመሆኑ እንዲታወቅ ዲጂታል ፊርማ ይፈረምበታል፤ ለመፈረም የሚያስፈልገው የምስጢር ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ያለ እኔ ምንም አይወጣም። ስታመምም ስወልድም አልተላቀቅንም። በመጨረሻ አንገፈገፈኝና ወሰንኩ፤ ሰባተኛው እትም ሲወጣ ቁልፉን ለመምህሩ አስረክቤ እገላገላለሁ። ባለቤቴ «አዲሱ ቤት ያ ነገር አይገባም» አለ፤ እኔም «አይገባም» ብዬ ቃል ገባሁ።

መምህሩ ኮዱን አብረውኝ ከሚጽፉት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ ሌላ ከተማ የሚኖሩ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ቢሆኑ ነው። ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ተማሪ እስኪጽፍ እንደሚጠብቅ ሰው ያወራሉ። ስምምነታችን ቀላል ነበር፤ ሰባተኛውን በራሳቸው ማሽን ከባዶ ይሠሩታል፣ ከሠራ ቁልፉን እልካለሁ።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ እምቢ አለኝ» አሉ።

«ምን ይላል?»

«የማላውቀው ምልክት አለበት ይላል። የራሱን ኮድ ማንበብ አቃተው።»

ወዲያው ገባኝ። ኮምፓይለራችን የተጻፈው በራሱ ቋንቋ ነው። ሰባተኛውን ለመሥራት ስድስተኛው ያስፈልጋል፤ ስድስተኛውን የሠራው አምስተኛው ነው፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለሰባተኛው አንድ አዲስ አጻጻፍ ጨመርን። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ሁላችንም ወደድነው፤ ከመውደዳችን የተነሳ የኮምፓይለሩን የራሱን ኮድ በዚያው አጻጻፍ አስጌጥነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ስድስተኛው ያንን አጻጻፍ የት ያውቀዋል? የኔ ማሽን ላይ ጅምሩ ሰባተኛ ተቀምጦ ስለነበር ራሱን በራሱ ሲሠራ ከረመ፣ እኔም ልብ አላልኩም። ሰባተኛውን ለመሥራት መጀመሪያ ሰባተኛው ሊኖርህ ይገባል ማለት ነው። ከኔ ጠረጴዛ በቀር የትም አይሠራም።

«ጉድ ፈላ» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን ሆነ?» አለ ባለቤቴ።

«መምህሩ ጋ አልሠራ አለ።»

«አንቺ ጋስ?»

«እኔ ጋ ይሠራል።»

«ካንቺ ይወጣላ!»

«የሚቀጥለውስ? ከዚያ የሚቀጥለውስ? ሁሉም ከኔ ማሽን ሊወጣ ነው?»

ግድግዳውን ተደግፎ አየኝ። «እና ዕድሜ ልክ ነው በይኛ» አለ።

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እኔ የዚህ ነገር እስረኛ ነኝ፣ ምንም ብሠራ አይለቀኝም ብዬ አሰብኩ። ፌንጣ ከፊቴ ስትዘል «ተቀመጪ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ሄዳ የተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች።

መምህሩ አሁንም መስመር ላይ ነበሩ። «አትቸኩዪ ልጄ። ያስጌጥነውን ወደ ድሮው አጻጻፍ ልመልሰውና ስድስተኛው ያንብበው። ከዚያ የሚወጣው አዲሱን ያውቃል፤ በሱ ዋናውን እንሠራለን።»

«ስንት ፋይል መሰልዎት! እኔ ልሥራው…»

«አንቺማ ዕቃሽን ጫኚ» ብለው ዘጉት።

ጠበቅን። ባለቤቴ ብርቱካን ልጦ ለሦስታችን አካፈለን። ስለ አዲሱ ቤት አወራን፤ ጓሮ አለው፣ ለፌንጣ የራሷ ክፍል አላት። «የጠረጴዛ ቦታ ግን የለውም፤ ለክቻለሁ፣ በሙያዬ ልትጠራጠሪኝ አትችዪም» አለ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ከዚያ ፌንጣን ይዞ ጭነቱን ሊያስር ወረደ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ሠራ!» አሉ መምህሩ፤ እንዲህ ፈጥነው ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ደጋግሜ ከባዶ ሞከርኩት፣ ፈተናዎቹን ሁሉ አለፈ። ከኔ ማሽን ወጣ፣ ያላንቺ! እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ተገላገልሽ። ቁልፉን ላኪልኝና ልፈርም።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ተነስቼ እንደ ልጄ መዝለል ነበረብኝ። እኔ ግን «ያላንቺ» የምትለዋ ሆዴ ውስጥ ቀረች። የሠሩትን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስህተት ፍለጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አጣሁ።

«ለዚህ ፋይል የሰጡትን ስም አልወደድኩትም» አልኩ።

«ይቀየራላ።»

«ማብራሪያውስ?»

«ጽፌዋለሁ፤ ታች ውረጂ።»

ወረድኩ። ተጽፏል፤ እኔ ከምጽፈው ይሻላል።

«ቁልፉስ ልጄ?»

«ትንሽ ልየውና እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እነዚያ የሚጨቀጭቁኝ ሰዎች ከነገ ጀምሮ መምህሩን ይጨቀጭቃሉ። እኔን የሚጠራኝ የለም። ያቺ አክብሮት ጎደለዎት ያለችኝ ሴት እንኳ አትጽፍልኝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፣ ክፉኛ ፈራሁ። ቀያሽ ባል፣ ጓሮ፣ ፌንጣ፣ ከዚያስ? ጠዋት ተነስቼ ማን ነኝ ልል ነው?

ባለቤቴ ላቡን እየጠረገ ገባ። ፌንጣ እጁን ይዛለች። «እህስ?» አለ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልሆነም» አልኩት።

«መምህሩም አቃታቸው?»

«አቃታቸው። ጥቂት ቀን ይፈልጋል።»

ቢቆጣ እውነቱን ሳልነግረው አልቀርም ነበር። አልተቆጣም፤ አመነኝ። አጠገቤ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «በቃ፣ አትጨነቂ። እኛ ቀድመን ቤቱን እናሰናዳለን፣ አንቺ ጨርሰሽ ትመጫለሽ። ያን ያህል የለፋሽበትን እንዴት ጥለሽ ትሄጃለሽ?» አለ፤ እኔን ለማጽናናት ነው። ወርዶ ገመዱን ፈታ፣ ሻንጣዬንና አንድ ፍራሽ ተሸክሞ መጣ፣ ፍራሹን ግድግዳው ጥግ አነጠፈልኝ።

ፌንጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ እንዳትመጪ ያደረገሽ ማነው?» አለች።

«ማሽኑ» አልኳት።

ማሽኑን በክፉ ዓይን አየችውና አባቷን ተከትላ ወረደች። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ሞተሩም ተነሳ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፤ መምህሩ ናቸው። አላነሳሁትም።