ፕሮ ምን?

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጉድ አፈላ። ከየስሙ ትይዩ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል፤ ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ግን፣ እጁ ይባረክና፣ ዓምዱን አጥብቦት ቃሉ ሁሉ ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ከእጅጌ ገጣሚዋ ስም ፊት የቀረው «ፕሮ» ብቻ ነው። ከጨርቅ ቆራጩ ከጋሼ መቀስ ስም ፊትም ያው «ፕሮ»።

እጅጌ ገጣሚዋ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን ላይ የቆየች ናት። የመስመር ኃላፊ ለመሆን ተፈትና ውጤቱን የምትጠብቀው ዛሬ ነበር።

«እንግሊዝኛውን ለኔ ተዉት» አሉ ጋሼ መቀስ። ጨርቅ ላይ እጃቸው አይታማም፤ ጠዋት ሲገቡ ግን ሰዓት የሚባል ነገር አያውቁም። ከመሳቢያቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አውጥተው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰኩ።

«ፕሮፌሰር፤ አይደለሽም። ፕሮቲን፤ ይሄ የምግብ ነው። ፕሮፓጋንዳ፤ ይሄ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ነው።»

ሠራተኛው በሳቅ ፍርስ አለ። ቃላቱ የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ ሌላውን አይመስልም።

«አገኘሁት! ፕሮሞሽን፤ የደረጃ ዕድገት። ፕሮቤሽን፤ የሙከራ ጊዜ፣ ማለትም ሥራሽ በክር ተንጠልጥሏል።» በሐዘኔታ ቀና ብለው አይዋት። «የኔው ዕድገቱ ነው፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አይክፋሽ። ለአለቆቹ እኔ እነግርልሻለሁ።»

እንባ ተናነቃት። ይበልጥ ያናደዳት ደግሞ ደግነታቸው ነው። በግማሽ ቃልማ አላለቅስም ብላ ወደ አስተዳደር ቢሮ ገሰገሰች። ጋሼም ምሥራቻቸውን በጆሯቸው ሊሰሙ ተከተሏት።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ዓምዱን ሳብ አድርጋ አሰፋችው።

«አንቺ ፕሮሞሽን! የመስመር ኃላፊ። እንኳን ደስ አለሽ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ደግሞ ጋሼ… ፕሮቤሽን። ሦስት ወር፣ በማርፈድ። የሚቆጣጠርዎትም…» ብላ በዓይኗ ወደ አዲሷ ኃላፊ ጠቆመች።

ደስታዋን የት ታድርገው? እልል ልትል የከፈተችውን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው ጎንበስ አሉላት።

«እትዬ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንድገባ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! እንደ ድሮው አንቺ ይበሉኝ!»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሁለት ሰዓት። አንድ ደቂቃ ካለፈ ግን ፕሮብሌም ነው።»

ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ጋሼ ነበሩ። እልልታዋን ያን ጊዜ ለቀቀችው።