ዕዳ የሌለበት ሰው

መርዕድ ያን ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ። የመኪናውን መስተዋት በረዶ ፋቀ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ተመለሰና ከማታ የተረፈውን ምስር ወጥ በፕላስቲክ ሣሕን ቋጠረ። ልጁን ሚስጥርን ለትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ጠራት፤ በሦስተኛው ክፍሏ ገብቶ መብራት አበራባት። ሚስቱ ተናኘ ፀጉሯን እያሰረች ከደረጃው ስትወርድ ሣሕኑን ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ጨው አንሶታል» አላት።

«ከነጻ ምሳ ጨው አይጠየቅም» አለችው።

እየሳቀ ወጣ። የካውንቲው አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ለተናኘ ከአውቶቡሶቹ ጋራዥ ተደወለላት፤ ልቡ ነበር። የጠዋቱን ተራ ጨርሶ፣ አውቶቡሱን ቦታው ላይ አቁሞ፣ ፍሬኑን ስቦ ነው የሞተው። እንደ ጠባዩ፣ ማንንም መንገድ ላይ ሳያስቀር።

ከቀብሩ ማግስት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች ሳሎኑን ዞረውታል። ወንዶቹ ምድር ቤት ወርደው ካርታ ይጫወታሉ። በር ላይ በካርቶን የተደረደረ ውሃ አለ፤ ገቢው ሁሉ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ ይመጣል። ተናኘ ከመርዕድ አክስት ከእትዬ ልሳነወርቅ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ስታለቅስ ሊያያት ይጠብቃል። እሷ ግን ለቅሶዋን እንደ ሰው አደራ ይዛዋለች፤ የምታወጣበትን ሰዓት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ከኩሽና ሹክሹክታ ይመጣል።

«ምስኪን፣ ራሱን እንኳ ሳይጠቅም ሄደ።»

«እሱ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? እዚህ ሳንቲም ብትወድቅ ሎረል ከተማ ሆኖ ይሰማት ነበር እኮ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ተናኘ ሰማች። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አቀረቀረች። ቀልዱ አዲስ አልነበረም። መርዕድ ራሱ ከአንድ ሰርግ ላይ ሰምቶት ቤት ድረስ አምጥቶ፣ የነገረኛዋን ድምፅ እያስመሰለ አጫውቷታል።

ከቀትር በኋላ ጸጋዬ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መጣ። የመርዕድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዐይኑ ደም መስሏል። አጠገቧ በርከክ ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

«ተናኝዬ፣ አንቺ ምንም እንዳታስቢ። ሁሉንም ሃንድል አድርጌዋለሁ።»

ስልኩ ላይ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ተከፍቷል፤ ፎቶው ላይ መርዕድ ነጠላው ተንሸራቶበት ይስቃል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ወንድማችን መርዕድ ባለቤቱንና አንዲት ልጁን ከነዕዳቸው ጥሎ በድንገት አርፏል። እጃችሁን ዘርጉላቸው።»

«ዕዳ እንዳለብን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ዕዳ የሌለበት ሰው አሜሪካ ውስጥ አለ እንዴ?»

«ዝጋው።»

«ምኑን?»

«ይሄን ገጽ ዝጋው፣ ጸጋዬ።»

ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው እኮ መስጠት ጀምሯል። ውድብሪጅ የሚኖሩት ልጆች ብቻቸውን ስንት እንዳስገቡ ብታዪ! ነገ ሠልስት ላይ፣ አባ ጸሎት ሲጨርሱ አናውንስ አደርጋለሁ ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። አሁን ብዘጋው ምን ይሉኛል? በወንድሙ ሞት ሊነግድ ነበር ነው የሚሉት።»

እትዬ ልሳነወርቅ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ በለቅሶ የተዘረጋ እጅ አይመለስም። ነውር ነው።»

«እርስዎ እንዳሉት፣ እትዬ» አለች ተናኘ። ነገሩ ግን አልተዋጠላትም። ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ከነዕዳቸው» የሚለው ቃል ነው እንደ እሾህ የተሰነቀረባት። እሷና መርዕድ ያን ቃል ከቤታቸው ለማስወጣት ስድስት ዓመት ታግለዋል። ነገ ደግሞ በሕዝብ ፊት በስሙ ላይ ሊለጠፍበት ነው።

*

ዕዳው ሲገባ ዕዳ አይመስልም ነበር። ሚስጥር ስትወለድ ክርስትናዋን አዳራሽ ተከራይተው ደገሱ፤ የጠራቸውን ሁሉ መልሰው መጥራት ነበረባቸውና ሰዉ ከሦስት መቶ በለጠ። ወጪው በክሬዲት ካርድ ወጣ። ቀጥሎ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መርዕድ የከፈተው የልብስ ሱቅ መጣ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ ኪራዩና ዕቃው ካርድ ላይ ቀረ። አገር ቤት የሚላከውም መቆም አልነበረበትም፤ እሱም ከካርድ ይወጣ ጀመር። ተናኘ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያጠናች ሴት ናት። የራሷን ቤት ቁጥር ግን ማየት ትፈራ ነበር፤ የሚመጣውን ፖስታ ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ ትከተው ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መርዕድ መሳቢያውን ነቅሎ ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው። ደመሩት፤ ከስልሳ ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ተናኘ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መርዕድ ግን ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ወረቀቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደራቸው።

«ስም እናውጣላቸው» አለ።

«ምን?»

«ስም የሌለውን አውሬ አድኖ የገደለ የለም። ይቺ ትንሿ ድመት ናት። ይሄ ቀበሮ። ይሄኛው ተኩላ። ያ ሆዳም ደግሞ፣ ሃያ ዘጠኝ በመቶ ወለድ የሚበላው፣ ጅቦ ይሁን።»

ከትንሿ ጀመሩ። እሱ የሰው ተራ እየሸፈነ ነዳ። እሷ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ጨመረች። ምሳ መግዛት ቀረ፤ ልደት፣ ሬስቶራንት፣ የበዓል ልብስ ቀረ። መርዕድ አሌክሳንድሪያ ወርዶ የዕቁቡን ዳኛ ለመነና የመጀመሪያውን ዕጣ አገኘ፤ በእሱ ቀበሮን ከነአጥንቱ፣ ተኩላን እስከ ወገቡ ጨረሱት።

አንድ ካርድ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ተዝካር ያወጡ ነበር። መርዕድ እንቁላል ፍርፍር ይሠራል፤ ካርዱን በመቀስ ቆራርጦ መሐል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ተነሥቶም እንደ ካህን ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ነፍሱን አይማረው!»

«አሜን!» ትላለች ሚስጥር፤ ያኔ ገና ሕፃን ናት።

የጅቦ ተዝካር የወጣ ዕለት በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ በሉ። መርዕድ ክትፎ አዘዘ፤ ሒሳቡን በጥሬ ገንዘብ ከፈለ፤ የተረፈውንም አስጠቀለለ። ወጥተው የእግረኛው መንገድ ላይ ቆመ።

«ከእንግዲህ ማንም በር ቢያንኳኳ አልደነግጥም» አላት።

በሚቀጥለው ደመወዝ ተናኘ አሁን ጫማ እንግዛ ስትለው ራሱን ነቀነቀ። «ጫማ እንገዛለን። ግን ጅቡ ሞተ ተብሎ ቀለቡ አይቆምም።» ለጅቦ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ከዚያ ጀምሮ በየደመወዙ ወደ ቁጠባ ገባ። መጀመሪያ የክፉ ቀን ስንቅ ሞላ፤ ቀጥሎ የሚስጥር ኮሌጅ፤ ቀጥሎ የሕይወት ኢንሹራንስ። የቀብር ቦታ ሳይቀር ሁለት አድርጎ ገዛ። «እኛን ለመቅበር ማንም ባርኔጣ እንዳያዞር» አለ።

ለማንም አልነገሩም። ዕዳቸውን አፍረው ደበቁ፤ ነጻነታቸውንም ልማድ ሆኖባቸው ደበቁ። ሰው ያየው ያረጀውን መኪናና የተቋጠረውን ምሳ ነው። ቋጣሪ የሚለውን ስም መርዕድ እንደ ሙቅ ካፖርት ለበሰው እንጂ አንድም ቀን አልተቆጣበትም።

*

የሠልስቱ ዋዜማ ላይ ተናኘ ሰው ሸሽታ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። ጎረቤቷ ሂክማ የእንግዶቹን አንሶላ እያጠፈች ነበር። ምንም ሳትጠይቅ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠቻት፤ ሁለቱ ይዘው አጠፉት።

«ፊትሽ ላይ ኀዘን ብቻ አይደለም ያለው» አለች ሂክማ። «ተናደሻል።»

ተናኘ የገጹን ነገር ነገረቻት። ሂክማ አዳምጣ ስትጨርስ አንሶላውን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«በእኛ ሰው ሳይቀበር በፊት ሰዉ መሐል ይጠየቃል። ከዚህ ሰው ላይ ዕዳ የሚፈልግ አለ ወይ ይባላል። ያለው ይናገራል፤ ቤተሰብ ይከፍላል ወይ ይረከባል። ነፍስ በዕዳዋ ተንጠልጥላ ትቆያለች ነው የሚባለው።»

«ማንም ሳይናገር ሲቀርስ?»

«እሱማ ሰርጉ ነው! አባቴ ሲሞት ማንም አልተናገረም። እናቴ እስከዛሬ በዚያ ትኮራለች።»

ተናኘ ቀጣዩን አንሶላ አነሣች። የምታደርገውን እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ሳይታጠፍ አወቀችው።

*

ሠልስት ላይ ሳሎኑ ሰው አልበቃው ብሎ ደረጃው ድረስ ቆመዋል። አባ ጸሎታቸውን ጨርሰው መስቀላቸውን ሲያስገቡ ጸጋዬ ስልኩን ይዞ ተነሣ። ተናኘ ቀድማው ቆመች። በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሴት ተነሥታ ስትናገር ያየ አልነበረምና ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ፣ ተናገሪ።»

ድምፅዋ እንዲጸና ወለሉን በእግሯ ተጫነችው። «ከመርዕድ ላይ ዕዳ የሚፈልግ ሰው እዚህ ካለ ይናገር። ትንሽም ይሁን ትልቅ። አሁን በሁላችሁ ፊት እከፍላለሁ።»

 አንድ ሰው እጅ ላይ የውሃ ጠርሙስ ተንኮሻኮሸ። ካርታ ተጫዋቾቹ ከምድር ቤት ወጥተው አንገታቸውን አሰገጉ። የኩሽናዎቹ ሴቶች ተያዩ። ጸጋዬ ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

«አለ» አለ አንድ ሰው ከወደ በሩ።

ተናኘ ወደ በሩ ዞረች። የማታውቀው ነገር ነበረው እንዴ? ሰዉ መንገድ ሲከፍት የዕቁቡ ዳኛ ጋሽ ኪራኮስ ባርኔጣቸውን ይዘው ወደ መሐል ገቡ።

«ዕዳ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ግን እሱ ላይ አይደለም። እኛ ላይ ነው።»

«እንዴት ጋሽ ኪራኮስ?» አለ ጸጋዬ።

«ዕቁብ ቀድሞ ለወሰደ ብድር ነው፤ መጨረሻ ለወሰደ ቁጠባ ነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርዕድ ድሮ መጀመሪያውን ስጡኝ ብሎ ለምኖኛል፤ ምን እንደጠበበው አልጠየቅሁትም። የዛሬ አራት ዓመት ግን መጣና፣ ‹ጋሽ ኪራኮስ፣ ከእንግዲህ መጨረሻው የእኔ ይሁን፤ የቸገረው ይቅደም› አለኝ። በየዙሩ መጨረሻ ወሰደ። ሳንቲም ስትወድቅ ከሎረል ይሰማል ትሉት የለም? እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን እሱ ስለቆየልን የቀደምን! የዘንድሮውም ዙር ያልደረሰው እሱ ብቻ ነው። እሑድ የሚወጣው ሙሉው የእሱ ነው።»

 ያን ጊዜ እትዬ ልሳነወርቅ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት።

«እትዬ! ኧረ ለቅሶ ቤት ነው!» አለች አንዷ ደንግጣ።

«መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? የወንድሜ ልጅ የማንንም ሳይዝ፣ እንዲያውም የራሱን ሰው ላይ ትቶ ሄደ። እልል እላለሁ! እንባውን እደርስበታለሁ፤ ዕድሜ ልኬን አለ።»

አባ በነጠላቸው ሥር ፈገግ አሉ። ከደረጃው ላይ አንዱ አጨበጨበ፤ ከኩሽና ሌላ እልልታ ተከተለ። የሳንቲሟን ቀልድ የምትቀልደው ሴት መጥታ የተናኘን ትከሻ ሳመች። ተናኘ ራሷን ቀና አደረገች። መርዕድ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

ጸጋዬ ወደ ሚስጥር ሄደ። «ይሄ ነገር እንዴት ነው ሪፈንድ የሚደረገው?»

«ጊቭ ሚ፣ አንክል» አለችው ስልኩን ተቀብላ።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «የሰጣችሁ ሁሉ ይመለስላችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜን አላውቀውም ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። ተናኘ ሄዳ እጁን ያዘችው።

ሰዉ ሲሳሳ ጋሽ ኪራኮስ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ከእሑድ በኋላ አዲስ ዙር ይጀምራል። ስሙን ላውጣው?»

«በእኔ ይተካ።»

«ተራሽስ?»

«የእሱ ቦታ ላይ።»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። «እንግዲህ ደንብ ነው፤ አዲስ አባል ዋስ ይጠራል። ዋስሽ ማን ይሁን?»

ተናኘ ሳታስበው ወደ ቀኟ ዞረች። መርዕድን ልታማክረው ነበር። እዚያ ያለው ወንበር ላይ የእንግዶች ካፖርት ተከምሯል፤ የአንዱ እጅጌ ወለል ላይ ወርዷል። ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ አጠፈችና ከክምሩ ላይ አስቀመጠችው። እጇንም እዚያው አቆየችው።

«ጸጋዬ ይሁን» አለች።

መርዕድ የለም።