የሦስተኛው ክፍል ሙዝ

አባቷ የሦስተኛውን ክፍል በር ገርበብ አደረጉና አፍንጫቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሙዙም ካርቶን ውስጥ ስለሆነ ዓይን አይጠቅምም። ከኋላቸው አራት ጫኞች ዝም ብለው ቆመዋል። በዚህ የሙዝ ማብሰያ መጋዘን እሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሲጋራ ያጨሰ ወይም ሽቶ የተቀባ ሰውም ወደ በሩ አይጠጋም። የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፤ ወይ «ዛሬ»፣ ወይ «ነገ»። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና የተጫነውም የተመለሰውም በዚያ ቃል ነው። ለዚህም ሰዉ «አፍንጫው» ይላቸዋል።

«ነገ» አሉ።

ሽታው ከጫኞቹ ጎን ለቆመችው ልጃቸው የደረሰው ግን ከቃሉ ቀድሞ ነበር፤ ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ከሥሩ መጠጥ መጠጥ የሚል። በእጇ የያዘችውን የጋዝ መለኪያ አየች። ቁጥሩ ከልክ አልፏል።

ባሕር ማዶ አምስት ዓመት የተማረችው ይህንኑ ነው። የበሰለ ፍሬ ዓይን የማያየው ጋዝ ይተነፍሳል፤ ያ ትንፋሽ ጎረቤቱን ያበስላል፤ ጎረቤቱም በተራው ይተነፍሳል። ክፍሉ በጊዜው ካልተከፈተ፣ ያበሰለው ጋዝ ራሱ ያበላሸዋል። ይህን ጽፋ ፈተና አልፋበታለች። አባት በር ላይ ቆሞ ሲሳሳት ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማራት የለም።

ደግሞስ ስህተት ብቻ ነው? ባለፈው ሳምንት ምድጃ ላይ የተጣደው ወተት ሲያር አባቷ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ሽታው ሳይሰማቸው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ያላየች መስላ አለፈች።

ዝም ብትል ነገ ክፍሉ ሙሉ ሙዝ ጠቁሮ ይወጣል፤ የአባቷ ሥራም ያኔ ያበቃል። ብትናገርም ያበቃል፤ አሁኑኑ፣ በሰው ፊት። ዓይኗን ከመለኪያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አባቷ ማጅራት አመላለሰች።

ባለመጋዘኑ ከቢሮው ብቅ አለ። «ነገ ነው? መኪናውን ልመልሰው?»

«ዛሬ ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ለሙከራ አንድ ሣጥን የበሰለ ፓፓያ አስገብቼ እዚያው አደረ። ማለዳ አውጥቼ ጣልኩት። አባዬ በቀኑ ነው የቆጠሩት፤ እኔ ነኝ ያፋጠንኩት። አሁን ካልወጣ ይበላሻል።»

ቀጮ የሚሉት ጫኝ በሩን በረገደው። ሽታው እየተጋፋ ወጣ። «ኧረ ዶክተር፣ እኛንም ልታሰክሪን ነው» አለ። «ጋሼ ሠላሳ ዓመት ያበሰሉትን አንቺ ባንድ አዳር ቀቀልሽው?»

ሌሎቹ ሳቁ። ባለመጋዘኑ አልሳቀም። መለኪያውን ከእጇ ወሰደ።

«ሁለተኛ እዚህ በር ጋ እንዳላይሽ። ቢሮ ተቀምጠሽ ስልክ አንሺ። ክፍሎቹን እሳቸው ብቻቸውን ይከፍታሉ።»

ይህን አላሰበችውም። አዳንኳቸው ስትል፣ አጠገባቸው የቀረውን አንድ አፍንጫ ራሷ አባረረችው። አራተኛው ክፍል የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ነው።

ጫኞቹ ካርቶን ማውጣት ሲጀምሩ ግቢው ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። እጇን ታጠበች፤ ንጹሑን እጇን እንደገና ታጠበች። አባቷ መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

«ፓፓያ የለም» አሉ።

«የለም።»

«እኔ ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል ስል ክረምቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቀን እየቆጠርኩ ነው የምገምተው። ሰሞኑን ሙቀቱ ቀደመኝ።»

ልትላቸው የፈለገችው ብዙ ነበር። ለባለመጋዘኑ እንንገረው፤ ወይም ይብቃዎት፤ ወይም እኔ ተደብቄ እመጣለሁ። አንዱን ስታነሳ ሌላው ያፈርስባታል። አባቷ ወደ ተበረገደው በር ዞረው ነበር።

«እንዴት ነበር?» አሉ ዝግ ብለው፣ ዓመታት ስላላየው ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። «ሽታው።»

አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ የመጣው የመለኪያው ቁጥር ነበር። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«መጀመሪያ...» አለች። አቆመች። ቁጥሩን ትታ፣ ከጣፋጩ ሽታ እንደገና ጀመረች።