ዳር ዳሩን የተዘራው ዳጉሳ

ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። በምትሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ የጉብኝት ቀን ነው፤ አባቷ ደግሞ «የዳጉሳ ዘሬን በዓይኔ ልየው» ብለው በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረዋል። ቴክኒሺያኗ ስልኳን ታያለች፣ እስከ በሩ ሄዳ ትመለሳለች፣ ለጎብኚ የለጠፈችውን ምልክት ነቅላ ደግማ ትለጥፋለች። እንዲህ ያለ ቀን እንዴት ይዋላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ጣቢያው ፈንገስ የሚያመጣውን የዳጉሳ በሽታ ሲያጠና፣ በሽታው ቶሎ የሚይዘው ዘር ፈለገ። ይህ ዘር ማሳው ዳር ዳር ላይ ተዘርቶ ይታመማል፤ መሃል የተዘሩትን አዳዲስ ዝርያዎች ያስይዛል፤ ችሎ የቆመው ዝርያ ይመረጣል። እሷም የአባቷን ዘር አመጣች። አለቃዋ «እንደዚህ በሽታ የሚወድ ዘር አይቼም አላውቅ!» ብሎ በደስታ እጇን ጨበጣት። ቤት ስትሄድ ግን ለአባቷ «ጣቢያው የእርስዎን ዘር በየዓመቱ ይዘራል» ብላ ሌላውን አስቀረች። ሠላሳ ዓመት ዘለላ ዘለላውን እየመረጡ ያቆዩትን ዘር በምን አንጀቷ ታጣጥለው? ደግሞም የእሳቸው ቀዬ ደረቅ ነው፤ በሽታው ደርሶበት አያውቅም።

አባቷ የክት ኮታቸውን ለብሰው ደረሱ።

«መጀመሪያ ቢሮ ገብተው ትንሽ ይረፉ፣ አባባ።»

«ላርፍ ነው እንዴ የመጣሁት? የታለ?»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ዘራቸውን ከሩቅ ለዩት፤ ሲቀርቡ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ቅጠሉን ዓይን የመሰለ ነጠብጣብ በልቶታል፤ የአገዳው አንገት ጠቁሮ ዘለላው ነጥቷል። አንዱን በመዳፋቸው ቢያሹት ገለባ ብቻ ሆነ። መሃል ያለው ለምለም ነው።

«የኔ ብቻ ነው የታመመው?»

እንደምንም ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። አፈረች፤ እንባዋ መጣ። አሁን ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ የአባቷ ፊት አመድ መሰለ።

«ለጎረቤቱ ሁሉ አከፋፍዬዋለሁ እኮ» አሉ። «ጣቢያው የሚዘራው ዘር ነው ብዬ። አምነውኝ የራሳቸውን ትተው ዘሩት። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ አላባራም።»

«ዘለላ አውጥቷል?»

«ማውጣት ጀምሯል።»

«ቅጠሉ ላይስ?»

የታመመውን ቅጠል በጣታቸው አሳዩዋት። «እዚያም ይሄው ነው። እኔ ዝናብ የመታው መስሎኝ።»

በሽታው አንገቱን ሳይዝ መድኃኒት ከተረጨ፣ ቢያንስ ከፊሉ ይተርፍ ይሆናል። አባቷን እጃቸውን ይዛ ወደ መውጫው እየጎተተች ሮጠች። ከታመመ ማሳ የወጣ ሰው ጫማውን ሳያጥብ ሌላ ማሳ አይገባም፤ ስለዚህ በሩ አጠገብ ካለው ገንዳ ዘንድ ተንበርክካ የአባቷን ጫማ ታጥብ ጀመር።

«በየት አፌ እነግራቸዋለሁ?» አሉ አባቷ ከላይ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

የጸዳውን ጫማ መልሳ መላልሳ ታጥባለች።